የላም ዘመዶች



ዛሬ ስለ ላም ዘመዶች አጫውታችኋለሁ። «ላምን የማያውቅ ማን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ስለ ላም ብዙ የማላውቀው ነገር እንዳለ የገባኝ ፊደል ላስተምር በሄድኩበት ክፍል ውስጥ ነው። ያስተማሩኝም ገና ፊደል በመቁጠር ላይ የነበሩ አንድ አባት ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው።

እኔ የወላይታ ሶዶ ከተማ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከዳሞታ ተራራ ሥር ነው። ወተት የማውቀው በጆግ ሲመጣ ነው፤ ሥጋ የማውቀው ከሉካንዳ ቤት ሲገዛ ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ጎልማሶችን ለማስተማር ተመዘገብኩ። የደረሰኝ በሁምቦ ወረዳ ያለ አንድ ቀበሌ ነው። ሁምቦ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጠበላን አለፍ ሲሉ አገሩ እየሞቀ ይሄዳል። ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ለሚያይ የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ይታያል።

ተማሪዎቼ 26 ነበሩ። ከእነሱ 17ቱ እናቶች ናቸው። ቀን እርሻ ላይ ውለው፣ ከብት ውኃ አጠጥተው፣ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ዝናብ ከሌለ ከዛፍ ሥር እንማራለን። ዝናብ ካለ አዳራሽ እንገባለን። ወላይትኛውንም አማርኛውንም እየቀላቀልን እናወራለን።

የ«ድ» ቀን

አንድ ቀን ተራው የ«ድ» ፊደል ነበር። ሰሌዳው ላይ ድኩላ ሣልኩ። ሥዕሌ ጥሩ አልነበረም። አንዲት እናት «ይቺ አህያ ናት እንዴ?» ብለው ክፍሉን አሳቁት። እኔም ድኩላ መሆኗን አስረዳሁ። ከዚያ ትንሽ እውቀት ልጨምር ብዬ፣ «ድኩላ የፍየል ዘመድ ናት። የዱር ፍየል ልንላት እንችላለን» አልኩ።

ከኋላ የሚቀመጡ አንድ አባት አሉ። ብዙ አይናገሩም። እጃቸውን አወጡና፣ «ልጄ፣ ድኩላ የፍየል ዘመድ አይደለችም። የላም ዘመድ ናት» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «አባባ፣ ላም የት፣ ድኩላ የት!» አልኳቸው።

እሳቸው ግን አልሳቁም። «ላም አልበሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ፍየልስ?»

«እሷንም አላውቅም።»

«ላም ስንት ጡት አላት?»

እኔ ሳመነታ እናቶቹ በአንድ ድምፅ «አራት!» አሉ።

«ፍየልስ?»

«ሁለት!»

«ድኩላ ያላት አራት ነው» አሉ አባት። «አፍንጫዋም እንደ ላም አፍንጫ እርጥብ ነው። የፍየል አፍንጫ ደረቅ ነው። አባቴ አዳኝ ነበር። ቆዳ ሲገፍፍ እግሩን ይዤለት አድጌአለሁ።»

ያን ጊዜ «አባባ፣ ልጠይቅና ልንገርዎ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «እሺ፣ እሺ፣ አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ» አልኩና ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ከኋላዬ አንዳንዱ እንደገና ሳቀ።

በማግሥቱ የአባት ቦታ ባዶ ነበር። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። በአራተኛውም አልመጡም። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሽማግሌ አፍሮ ትምህርት ቢተው፣ ያሳፈረው አስተማሪ ሌላ 25 ሰው ቢያስተምር ምን ዋጋ አለው?

መጽሐፉ ምን ይላል?

ቅዳሜ ወደ ሶዶ ሄድኩ። የከብት ሕክምና የምትማር ጓደኛ አለችኝ። የሆነውን ስነግራት ሳቀች፤ የሳቀችው ግን በእኔ ነው። መጽሐፏን አውጥታ አሳየችኝ። አባት ልክ ነበሩ።

እንግዲህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ላም፣ ጎሽ፣ በግ፣ ፍየል፣ ድኩላ፣ አጋዘን፣ ቆርኬ፣ ሳላ፣ ሚዳቋ፣ ሁሉም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በዓለም ላይ የዚህ ቤተሰብ አባላት ከ140 ዓይነት ይበልጣሉ። የቤተሰቡ ምልክት ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሰኮናቸው ለሁለት የተሰነጠቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ያመሰኳሉ። ሆዳቸው አራት ክፍል አለው። የበግ የሆድ ዕቃ ያጠበች እናት ይህን ታውቀዋለች። ጨጓራው ለብቻ ነው፤ ሽንፍላው ለብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ በላይኛው መንጋጋ ላይ የፊት ጥርስ የላቸውም። የበሬያችሁን አፍ ከፍታችሁ እዩ።

አራተኛ፣ ቀንዳቸው ውስጡ አጥንት ነው። ከላይ ቀንዱ እንደ አፎት ለብሶታል። ይህ ቀንድ በየዓመቱ አይረግፍም። አንዴ ከበቀለ እስከ ሞት ድረስ ነው።

ከርከሮ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፤ ግን አያመሰኳም። ግመል ታመሰኳለች፤ ግን ቀንድ የላትም። ስለዚህ ሁለቱ ከዚህ ቤተሰብ አይደሉም።

ታዲያ ይህ ትልቅ ቤተሰብ በሁለት ይከፈላል። እኛ ወላይታዎች ጎሳዎቻችንን ማላና ዶጋላ ብለን በሁለት እንደምንከፍለው ማለት ነው። አንደኛው የላም ወገን ነው። ሁለተኛው የፍየልና የበግ ወገን ነው።

በላም ወገን ውስጥ ያሉት ላምና በሬ፣ ጎሽ፣ ድኩላ፣ አጋዘን፣ አምባራይሌ፣ የደጋ አጋዘንም ናቸው። በፍየልና በበግ ወገን ውስጥ ያሉት ዋልያ፣ ቆርኬ፣ ሳላ፣ ሚዳቋ፣ ፌቆ፣ የሜዳ ፍየል ናቸው።

አሁን ልብ በሉ። ድኩላ በመጠኗ ፍየል ትመስላለች፤ ግን የላም ወገን ናት። ቆርኬ በመጠኑ ወይፈን ያክላል፤ ግን የፍየል ወገን ነው። መልክ ያሳስታል። ዛሬ ሊቃውንት ዝምድናን የሚለዩት በደምና በሥጋ ውስጥ ያለውን የዘር ምልክት መርምረው ነው። ምርመራው የሚካሄደው ትልቅ መሣሪያ ባለበት ቤት ነው። አባት ግን ያለ መሣሪያ፣ ጡት ቆጥረውና አፍንጫ አይተው ደረሱበት።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባት ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ እንሰት በረድፍ ተተክሏል። ባለቤታቸው በቡና ቅጠል የፈላ አቀረቡልኝ። አባት ከጓሮ መጡ። እኔም ተነሥቼ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድኩላ የላም ወገን ናት። እርስዎ ልክ ነዎት፤ እኔ ተሳስቻለሁ» አልኩ።

አባት ዝም ብለው አዩኝ። ቀጥሎ፣ «ልጄ፣ የቀረሁት በሱ አይደለም። በሬዬ ታሞብኝ ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና ፈገግ ብለው፣ «ይቅርታሽን ግን ተቀብያለሁ። አራት መሆኑን ለክፍሉ ንገሪልኝ» አሉ።

ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ቡሬ የሚባል በሬ ታስሮ ቆሟል። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ጸጉሩ ቆሟል። ዓይኑ ያነባል። «ገንዲ ነው» አሉ።

አባት ያላቸው ሁለት በሬ ብቻ ነው። አንዱ ከወደቀ ጥማድ የለም። ጥማድ ከሌለ እርሻ የለም። የኔ ጭንቀት ስለ አንድ ቃል ነበር። የእሳቸው ጭንቀት ስለ ዓመት ቀለብ ነበር።

«መድኃኒት ሰጥተውታል?» አልኩ።

«ከገበያ ገዝቼ አስወግቼዋለሁ። ውድ ስለሆነ የአንዱን ለሁለቱም በሬ አካፈልኩት።» ከኪሳቸው ባዶውን ፓኬት አወጡና ሰጡኝ። «ይህ ወረቀት ምን ይላል?»

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አነበብኩላቸው። የመድኃኒቱ መጠን በከብቱ ክብደት ልክ መሆን አለበት ይላል። ለአንድ በሬ የሚሰጠው ለሁለት ቢካፈል አንዱንም አያድንም። ከዚያም የባሰ ነገር አለ። ጥቂት መድኃኒት የቀመሰ ተሕዋስ አይሞትም፤ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ቢሰጡትም እምቢ ይላል። ይህን ጓደኛዬ ነግራኝ ነበር።

አባት ፓኬቱን መልሰው ተቀበሉኝና ለረጅም ጊዜ አዩት። «እኔ ማንበብ ባለመቻሌ ነው እንግዲህ» አሉ።

«አባባ፣ ይህ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ የተማረም ሰው አያነበውም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው። በማግሥቱ ጧት አብረን ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሄድን።

የአባት ጥያቄ

መንገድ ላይ አባት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልሰማሁም።

«ድኩላ የላም ወገን ከሆነች፣ ገንዲ የሚይዘው በሬዬን ብቻ ለምንድን ነው? ድኩላ እዚያው ዝንቡ መሐል ስትኖር ለምን አትታመምም?»

መልሱ ይህ ነው። የገንዲ በሽታ የሚተላለፈው በቆላ ዝንብ ነው። ዝንቡ ከታመመ እንስሳ ደም ይጠጣል፤ በሽታውን ወደ ጤነኛው ይወስዳል። ድኩላና ጎሽ ከዚህ ዝንብ ጋር እጅግ ረጅም ዘመን ኖረዋል። በሽታው በደማቸው ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ግን እምብዛም አይጎዳቸውም። ላም ግን ለዚህ አገር እንግዳ ናት።

«ላም እንግዳ ናት?» አሉ አባት ደንግጠው።

አዎን። የዓለም ላሞች ሁሉ የመጡት ከአንድ ትልቅ የዱር በሬ ነው። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ይህን የዱር በሬ አላመዱት። ሌላ ወገኑ ደግሞ በሕንድ በኩል ለማዳ ሆነ። ሻኛ ያለው ከብት ምንጩ ይህ የሕንዱ ነው። ወደ አፍሪካ ቀድመው የገቡት ሻኛ የሌላቸው ከብቶች ናቸው፤ ሻኛ ያላቸው ኋላ መጡ። የዱሩ በሬ ራሱ ዛሬ የለም። የመጨረሻዋ በፖላንድ አገር ጫካ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1627 ሞተች። እናቲቱ ዘር ጠፋች፤ ልጆቿ በየቤታችን ቀሩ።

የእኛ አገር ጎሽ ግን ለማዳ ሆኖ አያውቅም። በእስያና በግብፅ ሰዎች የሚያልቡት ጎሽ አለ። እሱ ሌላ ዓይነት ነው።

በአገራችን ያሉት ከብቶችም አንድ መልክ አይደሉም። የቦረና ከብት ትልቅ ነው፤ ሥጋው የታወቀ ነው። የፎገራ ላም ከጣና ሐይቅ አካባቢ ናት፤ በወተቷ ትመሰገናለች። የሆሮ ከብት በወለጋ አለ። የበጋይት ላም በሰሜን ምዕራብ ቆላ ናት። የአፋር ከብት ረጅም ቀንድ አለው። ከእነዚህ ሁሉ ለየት የሚለው የሸኮ ከብት ነው። የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ፣ በቤንች ሸኮ አካባቢ ነው። ትንሽ ነው፤ ሻኛው ጨርሶ የለም ወይም በጣም ትንሽ ነው። ቀድመው ከገቡት ከብቶች የተረፈ ወገን ነው። ከቆላ ዝንብ ጋር ረጅም ዘመን ስለኖረ ገንዲን ከሌሎች ከብቶች ይበልጥ ይቋቋማል።

አባት ቆም አሉ። «ታዲያ እንዲህ ያለ በሬ ለምን አናረባም?»

መልካም ጥያቄ ነው። የሸኮ ከብት ግን ራሱ እየጠፋ ነው። ገበሬው ትልቅ በሬ ስለሚወድ ከሌላው ጋር ያዳቅለዋል። የሸኮ ዘር ከጠፋ ያ በደሙ ያለው ሀብት አብሮ ይጠፋል። በገንዘብ አይገዛም።

ድኩላን ብንጨርሳትስ?

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሌሎች ገበሬዎችም ነበሩ። አንዱ ጎልማሳ ወሬአችንን ሰምቶ፣ «በሽታውን የምትይዘው ድኩላ ከሆነች፣ ድኩላን መጨረስ ነዋ!» አለ። ሁለት ሦስት ሰው «እውነት ነው» አለ።

በሬው የታመመበት ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግን ይህ ነገር ተሞክሯል። ባለፈው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ዚምባብዌ ገንዲን ለማጥፋት ተብሎ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የዱር እንስሳት ተገድለዋል። ቦታ ቦታ ዝንቡ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ዝንቡ ከርከሮም ይነክሳል፤ የራሳችንንም ከብት ይነክሳል። ድኩላ ብትጠፋ ወደ በሬው ይመጣል።

ይህን ስናገር የእኛ አባት አንድ ነገር አስታወሱ። «አያቴ ከአያቱ የሰማውን ይነግረን ነበር። አንድ ዘመን ከብቱ በበረት፣ ጎሹ በጫካ፣ በአንድ ሰሞን አለቀ ይል ነበር» አሉ።

ያ ዘመን በታሪክ ይታወቃል። «ክፉ ቀን» ይባላል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር አንድ በሽታ መጣ። አገሬው የደስታ በሽታ ይለዋል። በአገሪቱ ከነበረው ከብት አብዛኛውን ፈጀው። ከአሥሩ ዘጠኙ እንደሞተ ይነገራል። በሬ ስላልነበረ የሚያርስ ጠፋ። ረሀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። በሽታው ወደ ደቡብ ቀጥሎ በአሥር ዓመት ውስጥ እስከ አፍሪካ ጫፍ ደረሰ። የሞተው ላም ብቻ አይደለም። ጎሹም አለቀ፤ አጋዘኑም ወደቀ። የላም ወገን ናቸውና የላምን ሞት ሞቱ።

ዝንቡስ? በደቡባዊ አፍሪካ የሚነክሰው ሲያጣ ከብዙ ቦታ ጠፍቶ ነበር። እንስሳቱ መልሰው ሲበዙ እሱም መልሶ መጣ።

የደስታ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ያጠፋው ክትባት ነው። በአገራችን የመጨረሻው በሽታ የታየው በአፋር በ1988 ዓ.ም. ነው። እዚያ ክትባቱን ይዘው በየበረሀው የዞሩት ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ከበሽታው ነፃ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ታወቀ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድረ ገጽ የጠፋው በሽታ ይህ ብቻ ነው። ላሙ ሲከተብ ጎሹም ዳነ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይህን ሰምቶ ጨመረበት። ገንዲን የሚከላከል ክትባት እስከ አሁን የለም። ግን መንገድ አለ። ዝንቡን የሚገድል መድኃኒት በከብቱ ጀርባ ላይ ይፈሳል። መድኃኒት የተቀባ ሰማያዊ ጨርቅ በየወንዙ ዳር ይተከላል፤ ዝንቡ ሰማያዊ ቀለም ይወዳልና መጥቶ ይሞታል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ጥቅሙ ትንሽ ነው። መንደሩ በአንድነት ካደረገው ዝንቡ ይቀንሳል።

የቀሩት ዘመዶች የት አሉ?

ሰኞ ማታ ክፍሉ ሞላ። አባትም መጡ። እኔም ከሁሉ በፊት፣ «ድኩላ ጡቷ አራት ነው። እኔ ተሳስቼ ነበር» አልኩ። እናቶቹ እልል አሉ። የዚያን ቀን ትምህርታችን የላም ዘመዶች ስም ሆነ።

አንዲት እናት ከቆየ ሣጥን ውስጥ ሁለት አሮጌ ሳንቲም አምጥተው ነበር። ሁለቱም የ1969 ዓ.ም. ናቸው። በአንድ ሳንቲሙ ላይ ገበሬ በጥማድ በሬ ያርሳል። በአሥር ሳንቲሙ ላይ ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ አለ። «ይህ ማን ነው?» አሉ። የደጋ አጋዘን ነው። ኒያላም ይባላል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ዋና መኖሪያው የባሌ ተራራ ነው። የአገሩ ሰው ሁልጊዜ ያውቀው ነበር። የፈረንጅ ሊቃውንት ግን መኖሩን የሰሙት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች መጨረሻ የተመዘገበው እሱ ነው። በሬውም አጋዘኑም የላም ወገን ናቸው። ሁለቱ ዘመዳሞች በአንድ መቀነት ሲቋጠሩ ኖረዋል።

ጎሽ ለማየት የሚፈልግ ከኦሞ ወንዝ ማዶ በዳውሮና በኮንታ ምድር ጨበራ ጩርጩራ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። የተከለለው በ1997 ዓ.ም. ነው። ጎሽና ዝሆን በብዛት ይኖሩበታል።

ቆርኬን ለማየት ከሶዶ ወደ ሳውላ በኩል ማዜ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እሱም በ1997 ዓ.ም. የተከለለ ነው። የኛ አገር ቆርኬ የተለየ ወገን ነው። ድሮ በሶማሌ ምድር ሁሉ በመንጋ ይታይ ነበር። በከብት በሽታ፣ በአደንና በግጦሽ መጣበብ አለቀ። ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ ቀርቷል። ዋና መጠጊያዎቹ ማዜና ሰንቀሌ ናቸው። ሰንቀሌ ከሶዶ በሃላባ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ ለሚሄድ ሰው ከመንገዱ ሩቅ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ከሰንቀሌ ተይዘው ወደ ነጭ ሣርና ወደ አዋሽ ፓርክ የተወሰዱ ቆርኬዎች ነበሩ። እዚያ ግን እንደታሰበው አልበዙም። እንስሳን ካለበት ማጥፋት ቀላል ነው፤ መልሶ መትከል ከባድ ነው።

«የኛ ድኩላስ?» አሉ ከፊት የተቀመጡ እናት። «ልጅ ሳለን እናያት ነበር። ኋላ ጠፋች። አሁን ደግሞ ተራራው ላይ ታየች ይላሉ።»

የሁምቦን ተራራ ነገር ሁላቸውም ያውቁታል። ተራራው ተራቁቶ ነበር። ጎርፉ ማሳ ይጠርግ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ገበሬዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ። ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል። ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመለመሉ እንዲያድግ ተዉት። ከብት እንዳይገባ ከለከሉ። ሣሩን እያጨዱ ለከብቱ ተሸክመው ወሰዱ። ጫካው ተመለሰ። ጫካው የአየር ንብረትን ስለሚጠቅም በዓለም ባንክ በኩል ማኅበሮቹ ገንዘብ ተከፈላቸው። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ሥራ ሆኖ ተመዘገበ።

«መጀመሪያ ላይ ከብት እንዳይገባ ሲሉን ተጣልተን ነበር» አሉ አንዱ ጎልማሳ። «ከብታችን ይራባል ብለን ፈራን። ኋላ ስናየው የሚታጨደው ሣር ድሮ ከሚጋጠው በዛ።»

ስለዚህ የላሟ ጥቅምና የድኩላዋ ጥቅም ሁልጊዜ አይጣላም። ሁለቱም ሣርና ውኃ ይፈልጋሉ። ተራራው ሲራቆት ሁለቱም ይጎዳሉ።

ቡሬስ ምን ሆነ?

ቡሬ አልሞተም። ባለሙያው ክብደቱን ለክቶ ሙሉውን መጠን ወጋው። ግን ለዚያ ክረምት እርሻ አልደረሰም። አባት ደህናውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር መቀናጆ አርሰው ዘሩ። ማሳው በሰዓቱ ባይደርስም ጦም አላደረም። ቡሬ ቆሞ መጋጥ የጀመረው የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ነው።

አባት ለባለሙያው አንድ ነገር ለመኑት። መድኃኒቱን የወጋበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠኑን በአማርኛ በደብተራቸው ላይ እንዲጽፍላቸው ነው። ጻፈላቸው። እሳቸውም ክፍል ውስጥ ጣታቸውን በየፊደሉ ላይ እያስኬዱ አነበቡት። «ቡ-ሬ» ሲሉ ድምፃቸው ተያዘ። የበሬአቸውን ስም በወረቀት ላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ አደረግሁ። ብዙዎቹ ስማቸውንና የቀበሌአቸውን ስም ጻፉ። አባት ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ደብተራቸውን ሲሰጡኝ እንዲህ ይላል፦ «ድኩላ ጡቷ አራት ነው።» አንድ ፊደል አልተሳሳቱም።

ውድ አንባቢዎች፣ እናንተም ስለ ከብትና ስለ ዱር እንስሳ የምታውቁት፣ ከአባቶቻችሁም የሰማችሁት ብዙ ነገር አለ። በመጽሐፍ ውስጥ የሌለም ይኖርበታል። አሁን ፊደል ይዛችኋል፤ ጻፉት። በሬ ሲታመም ባለሙያ ጥሩ፤ መድኃኒት አታካፍሉ፤ የተወጋበትን ቀን በደብተራችሁ ላይ አኑሩ። ድኩላ በማሳችሁ ዳር ብታልፍም አትወርውሩባት። የላማችሁ ዘመድ ናት።

ደህና ሰንብቱ።